«ሲሻለው ያምጡት»፦ የሕፃናት ተከታታይ ሕክምናና ቀላል ሕመም በአገራችን የጤና ታሪክ

መግቢያ

በሕፃናት ሕክምና በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ጥቂት ነው። ክትባት በተወሰኑ ሳምንታት ልዩነት ይደጋገማል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በየሳምንቱ ይመዘናል። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ጨቅላ ጀሶው በየሳምንቱ ይቀየርለታል። በአንጎል ጉዳት ምክንያት እንቅስቃሴው የተገደበ ሕፃን የፊዚዮቴራፒ ልምምዱ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል።

በሌላ በኩል ደግሞ ቀላል ሕመም ከሕፃንነት ዕድሜ የማይለይ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ያህል ጉንፋን ሊይዘው እንደሚችል የሕፃናት ሕክምና መጻሕፍት ያስተምራሉ። እያንዳንዱ ጉንፋን ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ይቆያል ብንል፣ ስምንቱ ጉንፋን ብቻ ከዓመቱ ከ56 እስከ 80 ቀን ይወስዳል። ተቅማጡ፣ የዓይን ሕመሙና የቆዳ ቁስሉ ገና አልተቆጠረም። እንግዲህ ተከታታይ ሕክምና የሚሰጠው ሕፃኑ ፍጹም ጤነኛ በሆነበት ቀን ብቻ ነው ከተባለ፣ ሕክምናው ከቶ በጊዜው ሊፈጸም አይችልም።

በዚህ ረገድ በየጤና ተቋሙ በር ላይ ሲነገር የኖረ አንድ አጭር ቃል አለ፤ «አሁን ጉንፋን ይዞታል፤ ሲሻለው ያምጡት» የሚል። ቃሉ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ሕፃኑን ላለመጉዳት ከሚደረግ ጥንቃቄ የመነጨ ነው። ነገር ግን ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በአገራችን የተካሄዱት የሕፃናት ጤና ፕሮግራሞች፣ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ በየራሱ መንገድ እየሄደ፣ በመጨረሻ የደረሱበት መደምደሚያ አንድ ሆኗል። ይኸውም ቀላል ሕመም ሕክምናን የሚያቋርጥ ምክንያት ሳይሆን በዚያው ቀጠሮ አብሮ የሚታከም ጉዳይ መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ መደምደሚያ እንዴት እንደተደረሰበት በአጭሩ ማሳየት፣ እንዲሁም ለዛሬው ባለሙያ የሚጠቅመውን ከዚያ ታሪክ መለየት ነው።

ቀጠሮ ከአሸተን ማርያም ሲታይ

ስለ ቀጠሮ በቢሮ ተቀምጦ ማሰብና በላስታ ተራራ ላይ ቆሞ ማሰብ አንድ አይደለም። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በላይ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚያወጣው ገደል አፋፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ አሸተን ማርያም አለች። ከፊል ከዐለት የተፈለፈለችው ይህች ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ከንጉሥ ላሊበላና ከነአኩቶ ለአብ ዘመን ጋር ትያያዛለች። ጎብኚው ለአንድ ቀን ብሎ የሚወጣው ያ ቀጥ ያለ ዳገት በአካባቢው ለሚኖር ገበሬ የገበያ፣ የቤተ ክርስቲያንና የሐኪም ቤት መንገድ ነው።

ከዚያ አካባቢ ሕፃኗን በአንቀልባ አዝላ ወደ ከተማው ለምትወርድ እናት አንድ ቀጠሮ ማለት ሙሉ ቀን ማለት ነው። ቁልቁለቱን በማለዳ ትወርዳለች፤ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ከዚያ ዳገቱን ትወጣለች። ያን ቀን እንጨቱ አይለቀምም፣ ውኃው አይቀዳም፣ ሌሎቹ ልጆች ለጎረቤት ይተዋሉ። በክረምት ጎርፉና ጭቃው፣ በበልግና በመኸር የእርሻው ሥራ፣ በበጋ ሌሊት የደጋው ብርድ ይጨመርበታል። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ የሚነደው እንጨትና ኩበት ጭሱ ለሕፃን ሳል ምቹ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ በቀጠሮው ቀን ሳል ወይም ንፍጥ ይዞት መገኘቱ ድንገተኛ ነገር አይደለም።

ይህች እናት በሩ ላይ «ሲሻለው ያምጡት» ስትባል የምትሰማው ባለሙያው ካሰበው የተለየ ነው። ባለሙያው ለሳምንት ያስተላለፈ ይመስለዋል። እናቲቱ ግን ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ መሄዷን፣ ልጇም «ለሕክምና ያልበቃ» መሆኑን ትረዳለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሕፃኑ ተሽሎት ይሆናል፤ የገበያው ቀን ግን አልፏል፤ ወይም ሌላው ልጅ ታሟል። የተቋረጠ ቀጠሮ በተራራማ አገር በቀላሉ አይጠገንም። ክፍተቱም በባዶ አይቀርም፤ እንጥል ማስቆረጥንና ግግ ማስወጣትን የመሳሰሉ ጎጂ ልማዶች የሚገቡት ብዙ ጊዜ በዚህ ክፍተት ነው። ሳሉን ወይም ተቅማጡን የሚያክም ባለሙያ ያላገኘች እናት መፍትሔ የሚሰጣትን ሌላ ሰው መፈለጓ አይቀርምና።

ከአንድ ጊዜ ግንኙነት ወደ ተከታታይ ቀጠሮ

በአገራችን ከታዩት ታላላቅ የመከላከል ዘመቻዎች አንዱ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ነበር። ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) ተጀምሮ፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተመዘገበ። የዘመቻው ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ ተራራውን እየወጡና ቆላውን እየወረዱ ከየመንደሩ ሕዝብ ጋር ተገናኙ። ይህ ድል ለአገሪቱ የጤና ሥራ ትልቅ ኩራት ቢሆንም፣ ከባሕርዩ አንፃር ልዩ ነበር። ለፈንጣጣ አንድ የተሳካ ክትባት ይበቃል። ከታቢው ከሕፃኑ ጋር አንድ ጊዜ ከተገናኘ ሥራው አልቋል፤ እናትን መልሶ የማስመጣት ጥያቄ አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረው የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም ወደ ኢትዮጵያ በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሳንባ ነቀርሳን፣ ዲፍቴሪያን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ፖሊዮንና ኩፍኝን ለመከላከል ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛው ወር መምጣት ነበረበት። በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ማለት ነው። ከአምስቱ በአንዱ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ያልያዘው ሕፃን ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ግልጽ ነው።

በዚያ ዘመን በብዙ አገሮች፣ በበለጸጉትም ጭምር፣ ትኩሳት ወይም ሳል ያለውን ሕፃን ሳይከትቡ መመለስ የተለመደ ጥንቃቄ ነበር። ሁለት ሥጋቶች ነበሩ፤ አንደኛው ክትባቱ ሕመሙን ያባብሳል የሚል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሕፃኑ ቢብስበት ወላጅ ክትባቱን ይወቅሳል የሚል። የመጀመሪያው በማስረጃ አልተደገፈም። ሁለተኛው እውነትነት ቢኖረውም መፍትሔው ለእናት በግልጽ ማስረዳት እንጂ ሕፃኑን መመለስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት አቋሙን ግልጽ አደረገ። ቀላል የመተንፈሻ አካል ሕመም፣ ተቅማጥ፣ መጠነኛ ትኩሳትና የምግብ እጥረት ክትባትን አይከለክሉም ተባለ። እንዲያውም በምግብ እጥረት የተጎዳው ሕፃን ኩፍኝ ቢይዘው ከሌላው ይልቅ ለሞት ስለሚጋለጥ፣ ክትባቱ ከማንም በፊት የሚያስፈልገው ለእርሱ መሆኑ ታወቀ። «ያመለጠ ዕድል» የሚለው አነጋገርም በክትባት ሥራ ውስጥ የተለመደው በዚሁ ጊዜ ነው። ሕፃኑ በተቋሙ ግቢ ተገኝቶ፣ ክትባቱም በማቀዝቀዣው ውስጥ እያለ፣ ሳይከተብ ከሄደ ያመለጠው የእናት ሳይሆን የተቋሙ ዕድል ነው።

በሁለት ክፍል የተከፈለው ሕፃን

መመሪያው ቢለወጥም አሠራሩ ቶሎ አልተለወጠም። አንዱ ምክንያት የተቋማቱ አደረጃጀት ነበር። የታመመ ሕፃን በአንድ ክፍል፣ ጤነኛ ሕፃን በሌላ ክፍል፣ አንዳንዴም በተለያየ ቀን ይታይ ነበር። በተጨማሪም ሥራው በፕሮግራም ተከፋፍሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቅማጥ በሽታዎች መቆጣጠሪያ ፕሮግራም፣ በ1980ዎቹም የአጣዳፊ የመተንፈሻ አካላት ሕመም ፕሮግራም በዓለም ጤና ድርጅት ተቋቁመው ወደ አገሮች ተሠራጩ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥልጠና፣ መዝገብና ሪፖርት ነበራቸው። ሁለቱም ብዙ ሕይወት ያዳኑ መሆናቸው አይካድም። ይሁንና ተቅማጥ፣ ሳልና የክብደት መቀነስ በአንድ ጊዜ ይዞት የመጣ፣ ክትባቱም ያልተሟላ ሕፃን በየትኛው መዝገብ ይገባል? አንድ ሕፃን በአንድ አንቀልባ ታዝሎ መጥቶ ለአራት ፕሮግራሞች ተከፋፈለ።

ለዚህ መልስ ሆኖ የመጣው የሕፃናት ሕመሞች የተቀናጀ ሕክምና ነው። እዚህ ላይ የአገራችንን ድርሻ ማስታወስ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጁት የሥልጠና ረቂቅ በተግባር ከተሞከረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ጎንደር ነበረች። በ1940ዎቹ (ዓ.ም.) ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን በጀመረችው በዚያች ከተማ፣ ሥልጠናውን የወሰዱ ባለሙያዎች ሕፃናትን እንዴት እንደሚያዩ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታትሟል። ኢትዮጵያም ስልቱን በዚያው ዓመት ተቀበለች።

የዚህ ስልት ትልቁ ቁም ነገር በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ የአደገኛ ምልክቶችን ይፈልጋል፤ ሕፃኑ መጠጣት ወይም መጥባት አቅቶታል ወይ? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል ወይ? አንቀጥቅጦታል ወይ? ራሱን ስቷል ወይም ፈዟል ወይ? ከዚያ ሳሉን፣ ተቅማጡን፣ ትኩሳቱንና ጆሮውን ይመረምራል፤ የምግብ ሁኔታውን ይለካል፤ በመጨረሻም የክትባት ካርዱን ያያል። ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚበቃ ሕፃን ሁሉ ለመከተብም የበቃ ነው። በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል የሚላከው ብቻ ይቆይ፤ እርሱም ክትባቱ ጎጂ ሆኖ ሳይሆን ጉዞው እንዳይዘገይ ነው። ስለዚህ «ቀላል» እና «ከባድ» የሚባለው ሕመም በግምት ሳይሆን በሚቆጠርና በሚታይ ምልክት መለየት ቻለ። በደቂቃ የሚቆጠረው ትንፋሽ ከ2 እስከ 12 ወር ባለው ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ፈጣን ይባላል። ይህ ቀላል መለኪያ የጉንፋንንና የሳንባ ምችን ልዩነት በጤና ኬላ ደረጃ ለማወቅ አስችሏል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች በ2003 ዓ.ም. የሳንባ ምችን በቀበሌ ማከም እንዲችሉ ሲፈቀድ፣ የተራራው ሕፃን ሁለት ጉዳዮቹን በአንድ መንገድ የሚፈጽምበት ዕድል ተከፈተ።

የመሰብሰብ አደጋ

እስከዚህ የተባለው ሁሉ አንድ ወገን ነው። ሌላውን ወገን መዘንጋት ታሪኩን ማጓደል ይሆናል። የታመመ ሕፃን ከሌሎች ሕፃናት ጋር ሲሰበሰብ በሽታው ይተላለፋል። የወሎ ሕዝብ ይህን በመራራ መንገድ አይቶታል።

ዋግና ላስታ በ1958 ዓ.ም.፣ ወሎ በሙሉ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. በረኀብ ተመትተዋል። በ1977ቱ ረኀብ በኮረምና በሌሎች ጣቢያዎች እጅግ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን በጽኑ የተጎዳ ሕፃን የሚታከመው እናቱ ከቤቷ ተነቅላ ከእርሱ ጋር ለሳምንታት በማዕከል ስትቀመጥ ነበር። ምግቡ ሕይወት ይሰጣል፤ መጨናነቁ ግን ኩፍኝን፣ ተቅማጥንና የሳንባ ምችን ይዞ ይመጣል። በዚያው ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሱዳን በተሰደዱት ወገኖቻችን መጠለያዎችም ኩፍኝ ከዋነኞቹ የሕፃናት ገዳዮች አንዱ ሆኖ ታይቷል።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በጎዴ የደረሰው ረኀብ ተመሳሳይ ትምህርት በቁጥር አስቀመጠ። በወቅቱ የተደረገው ጥናት ከመዘገባቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ 159 ሕፃናት ሞት ውስጥ 35ቱ፣ ማለትም 22 በመቶው፣ በኩፍኝ ብቻ ወይም በኩፍኝና በመመንመን ምክንያት የደረሰ ነበር። የጥናቱ መልእክት ኩፍኝን መከላከልና ምግብ መስጠት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ፣ ሕዝብን በአንድ ቦታ ማከማቸትም በራሱ አደጋ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

ስለዚህ «ሲሻለው ያምጡት» የሚለው ቃል ውስጥ አንድ እውነተኛ ሥጋት አለ፤ እርሱም የሌሎቹ ሕፃናት ደኅንነት ነው። ታሪኩ የሚያስተምረው ግን መፍትሔው ሕፃኑን መመለስ ሳይሆን አቀማመጡን ማስተካከል መሆኑን ነው። ሽፍታና ትኩሳት ያለው ሕፃን ከወረፋው ተለይቶ ቀድሞ ይታይ፤ መጠበቂያው ነፋስ የሚገባበት ይሁን፤ እጅና ዕቃ ይታጠብ፤ ያልተከተበ ይከተብ።

ሳምንታዊው ሕክምና

የጎዴው ረኀብ በተከሰተበት ዓመት በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሐድያ፣ አንድ አዲስ አሠራር ተሞከረ። ኮንሰርን የተባለው ድርጅት ከዶክተር ስቲቭ ኮሊንስ ጋር በመሆን፣ በጽኑ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በማዕከል ሳይተኙ በቤታቸው ሆነው እንዲታከሙ አደረገ። ይህን ያስቻለው አንድሬ ብሪያንድና ሚሼል ሌስካን እ.ኤ.አ. በ1996 የሠሩት፣ ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የተዘጋጀው ፕላምፒ ናት ነው። ውኃ ስለማይጨመርበት በቤት ውስጥ ቶሎ አይበላሽም። እናት በሳምንት አንድ ቀን ሕፃኑን ታመጣለች፤ ይመዘናል፣ ይመረመራል፣ የሳምንቱን ምግብ ይዛ ትመለሳለች። ከታከሙት 170 ሕፃናት 85 በመቶው አገገሙ፤ 4 በመቶው ሞቱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በላንሴት መጽሔት ወጣ። አሠራሩ በቀጣዩ ዓመት በደቡብ ወሎ፣ በደሴ ዙሪያና በቃሉ ወረዳዎች ተሠራበት፤ ከ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ድርቅ ጀምሮም ወደ ጤና ኬላዎች ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በጋራ መግለጫ ለዓለም ሁሉ አጸደቁት።

ለጽሑፋችን የሚጠቅመው የዚህ ሕክምና አወቃቀር ነው። የተጎዳ ሕፃን ቀላል ሕመም የሌለበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። የሕክምናው መመሪያ ይህን ከመነሻው ተቀብሎ ተነሳ። ሕፃኑ ሲገባ ግልጽ የኢንፌክሽን ምልክት ባይኖረውም አሞክሲሲሊን ይሰጠዋል። በየሳምንቱ ትኩሳቱ፣ ትንፋሹና ተቅማጡ ይታያል። ከዚያም ወሳኙ ጥያቄ ይመጣል፤ ሕፃኑ ምግቡን ይበላል ወይስ አይበላም? ሳል እያለበት በደንብ የሚበላ ሕፃን ሳሉ ታክሞ ሕክምናው ይቀጥላል። ሳል ባይኖርበትም መብላት ያቃተው ግን ወደ ማረጋጊያ ማዕከል ይላካል። ስለዚህ ቀጠሮውን የሚወስነው የሕመሙ መኖር ሳይሆን የሕፃኑ አጠቃላይ ሁኔታ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር ያስፈልጋል፤ በጽኑ የተጎዳ ሕፃን ተቅማጥ ቢይዘው ተራውን ኦአርኤስ እንደ ሌላው ሕፃን እንደልብ መስጠት ልቡን ሊያስጨንቀው ስለሚችል፣ ለእርሱ የተለየው መመሪያ መከተል አለበት።

ጀሶና ጫማ

ከክትባትና ከምግብ ሕክምና ቀጥሎ የሚነሳው የአካል ሕክምና ነው። በአገራችን የተደራጀ የሕፃናት ተሐድሶ ሥራ ሲነሳ በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) የተመሠረተው ቼሻየርና በመናገሻ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ሲረዳ የኖረው ማዕከሉ ይታወሳሉ። ፖሊዮ እየቀነሰ ሲሄድ በየማዕከሉ ቆልማማ እግርና በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል ጎልተው ታዩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ ማሠልጠን ጀመረ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም በቆልማማ እግር ሕክምና ይታወቃል።

የቆልማማ እግር ሕክምና ስለ ቀጠሮ የሚናገረው ብዙ ነው። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ (1914–2009 እ.ኤ.አ.) የፈጠሩት ዘዴ እግሩን በእጅ ቀስ በቀስ እያቀኑ በየሳምንቱ አዲስ ጀሶ ማድረግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃል። ከዚያ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ጥገና ይለቀቃል። በመጨረሻም በዘንግ የተያያዘ ጫማ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀንና ሌሊት፣ ቀጥሎ እስከ አራት ዓመት ዕድሜ ድረስ በእንቅልፍ ጊዜ ይደረጋል። ጫማው ከተተወ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል።

ከላሊበላ ተነሥቶ በወልድያ በኩል የአካል ድጋፍ ማዕከል ወዳለባት ወደ ደሴ የሚሄድ ቤተሰብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን መንገድ የመጣ ጨቅላ ንፍጥና ሳል ስላለው ጀሶው ሳይቀየር ቢመለስ የሚደርሰው ጉዳት ከሳሉ ይበልጣል። ሕፃኑ ያድጋል፤ ጀሶው ይጠብበታል፣ ወይም ይንሸራተትና ቆዳውን ያቆስላል፤ የተገኘውም መቅናት ይጠፋል። ጉንፋን ጀሶ መቀየርን አይከለክልም። ሊያቆየው የሚገባው ምንጩ ያልታወቀ ከፍተኛ ትኩሳት፣ በእግሩ ላይ የወጣ ቁስል ወይም መግል ያለው ሽፍታ፣ እንዲሁም ሕፃኑን ያዳከመ ሕመም ነው። በእነዚህም ጊዜ ቢሆን የታሰበበት ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ጀሶው ተፈትቶ ቆዳው ይታይ፣ ሕመሙ ይታከም፣ ቀጣዩ ቀን በቁርጥ ይነገር።

በአንጎል ጉዳት ምክንያት ለሚደረግ ልምምድም መርሁ ይኸው ነው። ሕፃኑ ትኩሳት ባለው ቀን ብርቱ ማሳሳብና አድካሚ ልምምድ ይቀራል። የአቀማመጥ እርማት፣ ምግብና ውኃ ሲወስድ እንዳያንቀው ራሱንና አንገቱን መደገፍ፣ አክታው እንዲወጣ ጎኑን ማገላበጥ ግን በዚያ ቀን ይበልጥ ያስፈልጋሉ። ክፍለ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ ከልምምድ ወደ እናት ትምህርት ሊለወጥም ይችላል። ባዶ ግን መሆን የለበትም።

የተቋረጠውን መቀጠል

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ ላሊበላን ጨምሮ የዞኑ ከተሞች ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወሩ፤ ብዙ ጤና ኬላዎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘረፉ፣ ተጎዱም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ መንገዶችን በተደጋጋሚ ዘጋ። ጉንፋን አንድን ቀጠሮ ያቋርጣል፤ ጦርነት የአንድ ወረዳን ቀጠሮ በሙሉ ያቋርጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ተቋሙ የሚመለሰው ሕፃን ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜም ታሞ ይመጣል።

ለዚህ የሚሆነው መርሕም ከዚያው ታሪክ የተገኘ ነው። የተቋረጠ ክትባት ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ወደ ምግብ ሕክምና የተመለሰ ሕፃን አይወቀስም፤ ተለክቶ በሁኔታው ልክ ይቀበሉታል። የተመለሰ እግርም እንደገና ጀሶ ይደረግለታል። እናት የዘገየችበትን ምክንያት መጠየቅ ለመፍረድ ሳይሆን ቀጣዩን ቀጠሮ በሚመቻት ቀን ለመያዝ ነው።

ከታሪኩ የሚገኝ የሥራ ደንብ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ለዕለት ሥራ የሚከተለውን ማስታወስ ይጠቅማል።

1. በቀጠሮ የመጣ ሕፃን ሁሉ በመጀመሪያ የአደገኛ ምልክቶች ይታዩለት። ምልክት ያለበት በአስቸኳይ ይላክ፤ ቀጠሮው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

2. ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚበቃ ሕፃን የመጣበት ሕክምና ሳይሰጠው አይመለስ። ሳሉ፣ ተቅማጡ ወይም ትኩሳቱ በዚያው ቀን አብሮ ይታከም።

3. ሽፍታና ትኩሳት ያለው፣ ብርቱ ሳል ወይም ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከወረፋው ተለይቶ ቅድሚያ ያግኝ።

4. በደጋ የሚሠራ ባለሙያ የኦክስጅን መለኪያ ሲጠቀም፣ በከፍታ ቦታ የጤነኛ ሕፃን ልኬት ከቆላው ዝቅ እንደሚል ያስታውስ፤ ቁጥሩን ከትንፋሹ ብዛት፣ ከደረቱ መሰርጎድና ከሕፃኑ ሁኔታ ጋር አገናዝቦ ይፍረድ።

5. ሕክምናው የግድ መቆየት ካለበት ምክንያቱ በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ «ሲሻለው» በሚለው ፈንታ የታወቀ ቀን ይሰጥ። ቀኑ ከገበያ፣ ከበዓልና ከእርሻ ሥራ ጋር እንዳይጋጭ እናቲቱ ትጠየቅ።

6. እናት ከመሄዷ በፊት ሕፃኑ በቤት ቢታመም ምን ማድረግ እንዳለባት፣ በቀጠሮው ቀን ቢያመውም ይዛው እንድትመጣ አስቀድሞ ይነገራት።

ማጠቃለያ

በክትባት፣ በተቀናጀ ሕክምና፣ በምግብ ሕክምናና በአካል ተሐድሶ የተገኘው ልምድ ሲጠቃለል፣ ጤነኛ ሕፃንን የሚጠብቅ ሕክምና ብዙ ሕፃናትን ሳያገኝ የሚቀር መሆኑን ያስረዳል። የእነዚህ ፕሮግራሞች ታሪክ ባለሙያው የታመመን ሕፃን ከመመለስ ይልቅ መለየትን፣ ከማቆየት ይልቅ ማስተካከልን እንዴት እንደተማረ የሚያሳይ ነው። መመሪያዎቹ ዛሬ በየጠረጴዛው ላይ አሉ። የቀረው በበሩ ላይ የሚነገረው ቃል ከመመሪያው ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነው። ሳል የያዘውን ልጇን አዝላ ከአሸተን ዳገት ለወረደች እናት የሚገባት መልስ፣ «እንኳን መጡ፤ ሳሉንም ቀጠሮውንም ዛሬ እናየዋለን» የሚል ነው።